ሁለት ፊርማ የሚጠይቀው ደብተር

እሑድ፣ መስከረም 24 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ጋደም ባለችበት

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስልህ የስልኩን «ደህና ነን» እንዳይመስልህ፤ ያኛው ለእማዬ ጆሮ የሚባል ነው፣ ይሄኛው እውነተኛው ነው። የእማዬ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል እንጂ ሌላው ሁለመናዋ ከእኔ ይሻላል። ልጅህ በቁመት ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ በምላስ ካለፈችኝ ግን ቆይታለች። ክፍል ውስጥ «ጠበቃዋ» ነው የሚሏት። ባለፈው ዓመት መጨረሻ መምህሯ ሁለት ማርክ ቢቀንስባት ይግባኝ እያለች ምክትል ዳይሬክተሩ ዘንድ ደርሳ አስመልሳለች። ከዚያም አላረፈች፣ ማርኩ ያለ አግባብ የተቀነሰበትን አንድ የክፍሏን ልጅ ደግሞ ይዛ ሄደች። በማን እንደወጣች እኔ አልናገርም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። አንተ ስትደውል ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጣል። እማዬ በአንድ ጎን፣ ልጅህ በሌላ ጎን፣ ያንተን ክፍል የተከራየው ልብስ ሰፊ ደግሞ የስፌት መኪናውን አቁሞ ከግድግዳው ማዶ ነው። እንደዚያ ባለ ጉባኤ ፊት ሰው «አየሩ እንዴት ነው» ከማለት ሌላ ምን ያወራል? ስለዚህ ቁም ነገሩን በወረቀት አድርጌ በሹፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ። ሹፌሩ የምልህ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አንተ ያለህበት ከተማ ትልቁን መኪና የሚነዳው። የሁለት ዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ መጥቶ ከርሞ ነበር፣ ማክሰኞ ይመለሳል።

ከደብዳቤው ጋር ሌላ ወረቀት ታገኛለህ። እሱን ቀድመህ አይተኸው ከሆነም እንዳትደነግጥ። እኔ እንደ ትምህርት ነው የማስረዳህ፣ ከመጀመሪያው።

ሥራውን አገኘሁ። የሒሳብ መምህርነት ነው፣ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት፣ የሁለት ዓመት ውል፣ ቤት ከነዕቃው። አንተ ያለህበት አገር ሳይሆን ከዚያ ሁለት አገር አልፎ ነው። በኮምፒውተር ፊት ለፊት አስቀምጠው ሦስት ሰዎች ጠየቁኝ። ዳይሬክተሯ ሴት ናት፣ ሳቂታ። ገንዘብ ያዡ ቀጭን ሰውዬ ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንፍሽ አላለም፤ ወይ በጣም ትልቅ ሰው ነው፣ ወይ ኢንተርኔቱ ቆሞበት ነበር።

ከዚያ ውሉ መጣ። ታውቀኛለህ፣ እኔ ቀይ እስክሪብቶ ሳልይዝ ወረቀት ማንበብ አይሆንልኝም። የዓመቱ ድምር ላይ ስደርስ የትራንስፖርት አበሉን ሁለት ጊዜ ደምረውታል። እጄ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ከበብኩት፣ ከጎኑ «ድገም» ብዬ ጻፍኩበት፣ ትክክለኛውን መልስ ከሥሩ አስቀመጥኩ፣ ፈረምኩና ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ልኬ ሻዬን እየጠጣሁ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካስ የቀነስኩት የራሴን ደሞዝ ነው! ልብስ ሰፊው ሲሰማ ወሬውን ለደንበኛ ሁሉ አዳረሰው፤ «እኔ ጨርቅ ሲተርፈኝ ዝም ነው የምለው፣ እሷ ግን ለባለቤቱ አጥፋ ትመልሳለች» እያለ። ልጅህ ይግባኝ ካልጠየቅሽ ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ገንዘብ ያዡ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ የተስተካከለውን ውል ላከ። ደብዳቤውም ላይ አንድ ስህተት ነበረበት፤ እሱን ግን እንደምንም ብዬ አለፍኩት።

ሥራ ማግኘቱ ቀላሉ ነው ወንድም ጋሼ። ከባዱ መሄጃው ነው። እኔ ለራሴ ደንብ አውጥቼ ነበር። ደሞዝ ቢዘገይ ስድስት ወር የማድርበትና የምበላበት፣ እማዬና ልጅህ እዚህ ስድስት ወር የሚኖሩበት፣ በላዩ ላይ ደግሞ የመመለሻ ቲኬት ዋጋ፣ ሳይነካ። ይህ ሳይሞላ እግሬ አይነሳም። ያን ጊዜ አንተ ለፊዚክስ መምህርነት ስትሄድ የማሰቢያ ጊዜ አልሰጡህም፤ በአሥር ቀን ካልደረስክ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉህ፣ እኛም ደስታው አሳብዶን ያለንን አራግፈን በአንድ መንገድ ቲኬት ሸኘንህ። የትምህርት ማስረጃህ እዚያ እንዲታመንልህ የሚመታው ማኅተም እንኳ ሳያልቅ። ጥድፊያው የሁላችንም ነበር። «ሂድ፣ ሂድ» ስትል ከሁሉም የበረታችው ደግሞ ይቺ ታናሽህ ናት። እኔ ደንቡን የተማርኩት ከዚያ ነው።

አጠራቀምኩ ስልህ እንዲሁ ከደሞዝ የተረፈ እንዳይመስልህ። ከመምህር ደሞዝ ምን ይተርፋል? ቅዳሜና እሑድ ጥናት አስጠናለሁ፤ አንድ ሀብታም ነጋዴ ሦስት ልጆቹን አንድ ላይ ያመጣና የአንዱን ሊከፍለኝ ይሞክራል፣ እኔም የአንዱን ብቻ አርምለታለሁ። አውቶቡስ ትቼ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ጫማ ጠጋኙ ካለኝ ዘመድ ሁሉ ቅርቤ ሆኗል። ያንተን ክፍል ያከራየሁትም ለዚሁ ነው፤ መጻሕፍትህን ሳጥን ውስጥ አድርጌ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ፣ አንድም አልጎደለ።

ራሴን ግን አላምነውም። ስለዚህ የባንክ ደብተሩን በሁለት ሰው ስም አወጣሁት፤ ያለ ሁለት ፊርማ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ሁለተኛዋ ማን መሰለችህ? የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ ዝምታ! አዎ፣ ራሷ። ሠላሳ ዓመት ሰውን ዝም ስታሰኝ የኖረች ሴት ገንዘብንም ዝም ታሰኛለች ብዬ። አልተሳሳትኩም። አንዴ ብርዱ ሲብስብኝ ለካፖርት የሚሆን ላውጣ ብዬ ሄድኩ። ከመነጽሯ በላይ ቀና ብላ አየችኝና ስንት ሹራብ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት። «ደርቢያቸው» አለችና ወደ ማኅተሟ ተመለሰች። ያን ዓመት ድቡልቡል ብዬ ከረምኩ፤ ተማሪዎቼ ያገባሁ መስሏቸው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሐምሌ ላይ ደንቡ ሞላ። ጳጉሜን ሁለት ልሄድ ቀን ቆረጥኩ። ሻንጣ ወረደ፣ እማዬ ምርቃት ጀመረች፣ ልብስ ሰፊው አንድ ቀሚስ በነጻ ሰፋልኝ፤ ትንሽ ጠቦኛል፣ ግን በነጻ ነው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሹፌሩ መጣ።

ሰላም ሊለን ገብቶ እማዬና ልጅህ መሀል ተቀመጠ። እማዬ ያው ልጄን አየኸው ወይ አለችው። አየሁት እንጂ አለ፤ ማለዳ ማለዳ፣ ትልቁ ገበያ፣ የአትክልት መኪኖች በሚራገፉበት በኩል። አንተም እንዳወቅኸውና ከሩቅ እጅህን እንዳነሳህ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጎን እንደዞርክ ነገረን። ሊቀጥል ሲል እኔ ቀደምኩት። ለትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ዕቃ ሊያስጭን ወጥቶ ይሆናል፣ እዚያ አገር መምህር የማይሠራው የለም አልኩ። ሹፌሩ እኔን አየ፣ እማዬን አየ፣ ልጅህን አየ። «ይሆናል፤ እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው» አለ። ሹፌር አይደል፣ ፍሬን ያውቃል። እማዬ ኃላፊነት ጨመሩለት ማለት ነው ብላ ደስ አላት፣ ቢያንስ ደስ ያላት መሰለኝ።

እስከ በር ሸኘሁት። ምንም አልጠየቅሁትም። እሱም ጫማውን እያሰረ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ «የሚላክ ካላችሁ የእጅ ጓንት ላኩለት፤ ወፍራሙን»። ጠመኔ እጅ ያደርቃል አልኩት። ያደርቃል አለኝና ሄደ።

በነገራችን ላይ ከሄድክ ወዲህ ስለ ፈተና እርማት አንድ ቀን አማርረህልኝ አታውቅም። ምን ዓይነት የተባረከ አገር ነው እያልኩ ስቀና ነበር።

ልጅህ ደግሞ ያን ሰሞን አዲስ ዕቅድ አወጣች። እኔ ስሄድ እሷም ወደ አንተ ትመጣለች፤ የመምህር ልጅ ስለሆነች አንተ በምታስተምርበት በነጻ ትማራለች፤ ፊዚክስ የምትማረው ከአንተ ብቻ ነው። ለጓደኞቿም ተናግራለች። ባለፈው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ፖስታ ይዛ ቁጭ አለችና የአባዬ ትምህርት ቤት ስሙ ማነው፣ አድራሻ ልጻፍበት አለችኝ። በእጅ ስለሚደርስ አድራሻ አያስፈልገውም አልኳት። ይግባኝ የሌለው መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፖስታውን ባዶውን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እናቷን ያጣች ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላየችኝም።

ያን ቀን ነው የቆረጥኩት። እኔ ስሄድ እዚህ ቤት ሰው መኖር አለበት። ገንዘብ ብቻውን አሮጊት ደግፎ ደረጃ አያወርድም፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር አይከራከርም። የእኔ ደንብ የራሴን መሄጃና መመለሻ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው ሌላ ነበር፣ እሱን አልቆጠርኩትም ነበር። የሒሳብ መምህር ሆኜ!

ለዳይሬክተሯ ጻፍኩላት። የቤተሰብ ጉዳይ ስላጋጠመኝ በዓመቱ መጀመሪያ መምጣት አልችልም፣ ከሁለተኛው መንፈቅ ብጀምር ቦታዬ ይጠብቀኛል ወይ አልኩ። ልኬ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ሦስት ዓመት በእግሬ የሄድኩበት ነገር በአንድ መስመር ሊቀር ይችላል እኮ። በአራተኛው ቀን መለሰች። የራሷን ደሞዝ የምትቀንስ መምህር ሁለተኛ ስለማናገኝ እስከ ጥር እንጠብቅሻለን አለች፤ ገንዘብ ያዡም ደብተሮቹን ለማስተካከል ጊዜ በማግኘቱ አመስግኗል። ልጅህም ይህን ሰምታለች። ቀይ እስክሪብቶውን አሁን በአክብሮት ነው የምታቀብለኝ።

ከዚያ ወደ እትዬ ዝምታ ሄድኩ። ቅጹን ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ይሄ የመመለሻሽ ገንዘብ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ነው አልኳት።

«ሳትሄጂ ልትመለሺ ነው?»

«የሚመለስ ሰው አለ» አልኳት።

የማን ነው፣ ከየት ነው፣ ለምን ነው፣ አንድም አልጠየቀችኝም። ያቺ ለካፖርት እንቢ ያለች ሴት ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና ፈረመች፤ ከዚያም የእኔን እስክሪብቶ ወስዳ ፊርማዋን አደመቀችው። «ያንቺን እስከ ጥር እንሞላዋለን» አለችኝ። «እንሞላዋለን» ማለቷን ልብ አድርግ። በማግስቱ ጥናት የሚፈልጉ ሁለት የእህቷን ልጆች ላከችልኝ።

ጓንት አልላክሁልህም ወንድም ጋሼ። የላክሁልህ ቲኬት ነው።

በስምህ ነው፤ ኅዳር 20፣ ጠዋት የሚነሳው። ቀኑ አይቀየርም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ልብስ ሰፊው እንደሚለው የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ሁለት ወር ያህል አለህ፤ ኪራይህን ለመዝጋት፣ የሚሰናበት ሰው ካለ ለመሰናበት ይበቃል። ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ካልያዝኩ ብለህ እንዳትቀር። እኛ ዘንድ ሬዲዮ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ልጅህም ሽቶ አልወድም ትላለች። ሁለት እጅህን ይዘህ ከመጣህ ይበቃናል፤ ቆዳቸው ሻክሮ ከሆነ እማዬ ቅባት አላት።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። የድሮው ዳይሬክተርህ አሁንም አለ፣ ሆዱ ትንሽ ቀድሞታል እንጂ። የፊዚክስ መምህሩ ጥር ላይ ጡረታ ይወጣል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ላቦራቶሪው የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆኗል። ዳይሬክተሩ መተላለፊያው ላይ አስቁሞኝ የወንድምሽ ውል መቼ ነው የሚያልቀው አለኝ። ኅዳር አልኩት። እንግዲያው እስከ ኅዳር መጨረሻ ማስታወቂያ አላወጣም አለ። የሚጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥረጊያዎቹን የት እንደምታዛውራቸው።

ሰው ምን ይላል እንዳትል። ውል የሚያልቅ ነገር ነው፤ ያለቀበት ሰው አገሩ ይገባል፣ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊውም ክፍሉን እስከ ኅዳር አጋማሽ ሊለቅ ተስማምቷል፤ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ አግኝቷል፣ አሁንማ ወሬው ከግድግዳ ማዶ ሳይሆን በበር በኩል ስለሚገባለት ደስ ብሎታል።

ለልጅህ የምትነግራትን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሰው ጠበቃ ይበላት እንጂ ከሳሽ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምትቆመው ለተከሰሰ ነው።

አንድ ነገር ልበልህና ላብቃ። ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ብስክሌትህ ተሰረቀ ብለኸኝ ነበር። ወር ሙሉ በእግርህ ሥራ ስትሄድ ሌባውን ስረግም ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ብስክሌትህን ፋርማሲ ቤቱ በር ላይ አየሁት፤ ባለቤቱን ጠየቅሁት፣ ከማን እንደገዛውና በስንት እንደገዛው ነገረኝ። ዋጋው ልክ የእኔ የመመዝገቢያ ክፍያ ነበር። ለአንተ ግን አልነገርኩህም። አንተ ተሰረቀ ካልክ ተሰረቀ። እስከ ዛሬም ሌባውን አልጠረጠርኩትም።

እንግዲህ መንገዱን የሚያውቅ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ጤናህን አጥብቀህ ያዝ፣ ሌላውን ሁሉ እኛ ይዘነዋል። የወጣህበት በር እንደ ጥንቱ ይከፈትልህ፤ እኔም ጥር ላይ ስወጣ በዚያው በር አንተ ቆመህ ሸኘኝ። ሻንጣዬን የሚሸከምልኝ ታላቅ ወንድም አለኝ ብዬ ለዳይሬክተሯ ጽፌያለሁ፣ ውሸታም እንዳታደርገኝ።

ይህን ስጽፍ እማዬ ነቃች። ለማን ነው አለችኝ። ላንተ እንደሆነ፣ ኅዳር ላይ ልትመጣ እንደምትችል ነገርኳት። ቀና ብላ ትራሷን ደገፍ አለች። ደስታ ያሯሩጣታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፣ እኔም ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ፦

«ይምጣ ብቻ። ስለ ትምህርት ቤቱ አልጠይቀውም።»

ታናሽህ፣
እህትህ